የ33 ገጽ ደብዳቤ

ፎረስት በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት የምትገኝ፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ናት። በ1933 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጠበቃው ቢመን ትሪፕሌትና ባለቤቱ ሜሪ በዚህች ከተማ አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙን ዶናልድ አሉት። አባትየው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ፣ እናትየው ደግሞ የከተማዋ ባንክ ባለቤቶች ልጅ ነበረች። ቤቱ የጎደለው ነገር አልነበረም።

ልጁ ገና አንድ ዓመቱ ሳለ የሰማውን ዜማ ሳያዛንፍ ያንጎራጉር ጀመር። ሁለት ዓመት ሲሞላው 23ኛውን መዝሙር (በእኛ ዳዊት 22ኛው ነው) በቃሉ ይወጣ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርተ ሃይማኖት 25 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ያውቃቸዋል። ሲጠሩት ግን ዞር አይልም። አባቱ ከሥራ ሲመለስ ቀና ብሎ አያየውም፤ እናቱ ስታቅፈው ያቀፈው ሰው መኖሩ የገባው አይመስልም። ደስታው የድስት ክዳን እንደ እንዝርት ማሾር ነው። ሲናገርም «እኔ» ማለት ያለበት ቦታ «አንተ» ይላል፤ ውኃ ሲጠማው «ውኃ ትፈልጋለህ?» ይላል እንጂ «ውኃ ስጡኝ» አይልም።

በ1937፣ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ ሐኪሞች ከቤት ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይሻለዋል ብለው መከሩ። ወላጆቹ ሳናተሪየም በምትባል መንደር ለሳንባ ነቀርሳ ለተጋለጡ ልጆች በተሠራ ተቋም አስገቡት። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ይጠይቁታል። ልጁ እዚያ እየደበዘዘ ሄደ፤ አንድ ቦታ ከተቀመጠ አይነቃነቅም፣ የሚያየውም ነገር ያለ አይመስልም። አንድ ዓመት ገደማ እንዳለፈ ወላጆቹ ሊወስዱት መጡ። የተቋሙ ኃላፊ እየተሻለው ነው፣ ተዉት አላቸው። አልተዉትም።

ቢመን ወደ ቢሮው ገብቶ ለጸሐፊው ደብዳቤ ማስጻፍ ጀመረ። ደብዳቤው 33 ገጽ ሆነ፦ ልጁ ምን ሲበላ እንደሚያስቸግር፣ ምን ቃል መቼ እንደተናገረ፣ ምን ሲነካበት እንደሚጮኽ፣ ብቻውን ሲሆን ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ። ደብዳቤው የተላከው ባልቲሞር ከተማ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለሚሠራው ለዶክተር ሊዮ ካነር ነበር። ካነር ዛሬ የዩክሬን መሬት በሆነ፣ ያኔ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረ መንደር የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በርሊን ተምሮ በ1924 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1930 የአገሪቱን የመጀመሪያ የልጆች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከፍቷል። በእንግሊዝኛ የዚህን ሙያ መማሪያ መጽሐፍ የጻፈውም እሱ ነው። ዶናልድን በ1938 ጥቅምት ላይ ሲያየው ግን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህን ልጅ የሚመስል አላገኘም።

በ1943 ካነር የ11 ልጆችን ታሪክ የያዘ ጽሑፍ አወጣ፤ 8 ወንዶች፣ 3 ሴቶች። አንደኛው ዶናልድ ነው። ለሁኔታቸው ስም ሲፈልግ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በ1911 ለሌላ ሕመም፣ ለስኪዞፍሬኒያ፣ የተጠቀመባትን ቃል ተዋሰ። መነሻዋ «ራስ» የሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ወደ ራሱ የገባ ሰው እንደማለት። እኛም ያለ ትርጉም «ኦቲዝም» እንላታለን።

እውነቱን ለመናገር ካነር የመጀመሪያው አልነበረም። ኪየቭ የተወለደችው ግሩኒያ ሱካሬቫ ከሱ 18 ዓመት ቀድማ፣ በ1925፣ ሞስኮ ውስጥ ስለስድስት ወንዶች ልጆች ጽፋ ነበር፤ ስታነቡት ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ጽሑፉ በሩሲያኛና በጀርመንኛ ወጥቶ እዚያው ቀረ፤ እንግሊዝኛ አንባቢ ያገኘው በ1996 ነው። ቪየና ውስጥም ሃንስ አስፐርገር በ1944 ንግግራቸው የተራቀቀ፣ ከሰው ጋር ግን የማይገጥሙ ልጆችን ገለጸ። የአስፐርገር ሌላ ገጽ እስኪነበብ ግን ከ70 ዓመት በላይ አለፈ፤ በቦታው እመለስበታለሁ።

ካነር ልጆቹ እንዲህ ሆነው እንደተወለዱ በዚያው ጽሑፍ ጽፏል። እዚያው ግን አንድ እሾህ ተከለ። ወላጆቹ በአብዛኛው የተማሩ፣ የተደራጁ፣ ልባቸው የማይሞቅ ሰዎች መስለውኛል አለ። ስለ ቢመን ደብዳቤ ሲጽፍም ጥሩ መረጃ ቢሆንም ከልክ ያለፈ ዝርዝር የሞላበት ነው ብሎ የሰውየውን ጠባይ በዚያ መዘነ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከነክነኛል። ሐኪሙ ልጁን ያወቀው በደብዳቤው ነው። ያለ እነዚያ 33 ገጾች አዲሱን ሕመም ከየት ያገኘው ነበር? ያስተዋለው አባት በማስተዋሉ ተጠረጠረ።

ዶናልድ ግን ከወረቀቱ ውጪ እያደገ ነበር። በ1942 ወላጆቹ ከከተማው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚያርሱ ሉዊስ ከሚባሉ ባልና ሚስት ዘንድ አኖሩት። ልጅ ያልነበራቸው፣ ትምህርትም ያልዘለቃቸው ገበሬዎች ናቸው። ካነር በ1945 ሊጠይቀው ሄዶ ያየውን ከብዙ ዓመት በኋላም አልረሳውም። ልጁ ነገር መለካት ስለሚወድ ገበሬው ጉድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግረው አደረገ። የበቆሎውን መስመር ደጋግሞ እየቆጠረ ሲያስቸግር፣ እያረስክ ቁጠር ብሎ ሞፈሩን አስጨበጠው፤ ካነር ባየበት ቀን ስድስት ረጃጅም ትልም አርሶ ፈረሱን ሳይቸገር አዙሮታል። የሞተ ወፍና ነፍሳት ሲሰበስብ ደግሞ አንዲት ጥግ ሰጥተው «መቃብር ሥራላቸው» አሉት። ዶናልድ በየመቃብሩ ላይ ምልክት ተከለ፤ ለእያንዳንዷ ፍጥረት የመጀመሪያ ስም አወጣላት፣ በመሃል የወገኗን ስም አስገባ፣ የመጨረሻውን ስም ሉዊስ አላት። ቀንድ አውጣዋ የቤተሰቡ አባል ሆና ተቀበረች፤ የተወለደችበት ቀን አይታወቅም፣ የሞተችበት ቀን ይኸው።

ባልና ሚስቱ የሕክምና ስም የሰጡት ነገር የለም። ልጁ ያለውን ይዘው ሥራ አደረጉለት። በእኔ ግምት ከ1943ቱ ጽሑፍ ጎን መነበብ የነበረበት ይህ ነው፤ ዓለም ግን የያዘው ሌላውን ነው።

በ1948 ታይም መጽሔት ስለነዚህ ልጆች ሲጽፍ ወላጆቻቸውን በበረዶ መሰላቸው። በዓመቱ ካነር ራሱ ልጆቹ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተተዉ ያህል ነው ብሎ ጻፈ። «ፍሪጅ እናት» የምትለው ስድብ ከዚህ ተወለደች። አባትም እናትም ተብሎ የተጀመረው ክስ ብዙ ሳይቆይ እናቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ አረፈ።

ክሱን ያገነነው ብሩኖ ቤተልሃይም ነው። የቪየና ሰው ነው፤ በ1938 እና በ1939 በናዚዎቹ ዳካውና ቡከንቫልድ ካምፖች ታስሯል። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የልጆች ማሳደጊያ ትምህርት ቤት ሲመራ ኖሮ በ1967 መጽሐፉን አወጣ። ካምፕ ውስጥ እስረኛ ተስፋ ቆርጦ ወደ ውስጡ እንደሚሸሽ፣ ልጁም ካልፈለገችው እናቱ ሸሽቶ ነው አለ። መፍትሔው ልጁን ከቤቱ ማውጣት ሆነ። በየቴሌቪዥኑ የሚጋበዝ፣ አንደበቱ የሚጥም ሰው ስለነበር ማስረጃህ የት አለ ያለው ጥቂት ነው። ሌሊት ሙሉ የሚጮኽ ልጅ አቅፋ የምታድር እናት ጠዋት ክሊኒክ ሄዳ «ልጅሽን ያልወደድሽው ለምን ነው?» ተብላ ትጠየቅ ነበር።

የክሱ መዝገብ የተዘጋው ግን በወላጆች ነው። በርናርድ ሪምላንድ በሳን ዲዬጎ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። በ1956 የተወለደው ልጁ ማርክ ከአልጋው ሆኖ ያለማቋረጥ ይጮኽ ነበር፤ ሲያወራ ደግሞ የሰማውን እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይደግማል። የልጁ እናት ግሎሪያ ኮሌጅ ሳለች እንዲህ ያለ ልጅ መጽሐፍ ላይ ማንበቧ ትዝ አላት፤ አሮጌ መጽሐፎቻቸውን ፈትሸው ስሙን አገኙት። ሪምላንድ የተጻፈውን ሁሉ ሲያነብ ከረመ። በ1964 መጽሐፉን ሲያወጣ ነገሩ የሰውነት ጉዳይ እንጂ የእናት ፍቅር ጉዳይ እንዳልሆነ ተከራከረ፤ መቅድሙን የጻፈለት ካነር ነው። መጽሐፉ ውስጥ የነበረውን መጠይቅ ወላጆች እየሞሉ ከየአገሩ በፖስታ ላኩለት። የቢመን ደብዳቤ በመቶ በመቶ ሲባዛ አስቡት። በ1965 ሪምላንድና ሩት ሰሊቫን የተባለች እናት ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቋሙ። በ1969 በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሽማግሌው ካነር ቆሞ ወላጆቹን ከክሱ ነጻ ብያችኋለሁ አላቸው። ከሳሹም ዳኛውም እሱ ነበር፤ ቢሆንም አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ለንደን ውስጥም ነገሩ በአንዲት እናት እጅ ገባ። የአእምሮ ሐኪሟ ሎርና ዊንግ በ1956 የወለደቻት ልጇ ሱዚ ኦቲዝም ነበራት። በ1962 ከሌሎች ወላጆች ጋር የእንግሊዝን ማኅበር መሠረተች፤ ማኅበሩ በ1965 የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ለመምህርነትም ሲቢል ኤልጋር የምትባል ሴት አገኘ። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር መንታ ልጆችን አጠኑ። ከ11 ተመሳሳይ መንታዎች በ4ቱ ጥንድ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከ10 የማይመሳሰሉ መንታዎች ግን እንዲህ የሆነ አንድም አልነበረም። የቁጥሩ ማነስ አያሳስታችሁ። አንዲት እናት ሁለቱንም መንታ የምታሳድገው በአንድ ጉልበት፣ በአንድ ፍቅር ነው፤ ልዩነቱ ከዘር የመጣ መሆኑን እነዚህ 21 ጥንዶች ተናገሩ።

ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ በ1979 በለንደን ካምበርዌል ሰፈር ያሉ ልጆችን ሲያጠኑ ደግሞ የካነርን መስፈርት የማያሟሉ፣ ግን ያው ችግር ያለባቸው ልጆች በብዛት አገኙ። አንዱ ጭራሽ አፉን አልፈታም፤ ሌላው እንደ መጽሐፍ ያወራል፣ ጓደኛ ግን የለውም። እንደ ቀስተ ደመና ቀለም አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የማይለይ ነገር መሆኑን አስረዱ። በ1981 ዊንግ የተረሳውን አስፐርገርን ከጀርመንኛ አውጥታ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀች። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ኦቲዝምን ከስኪዞፍሬኒያ ለይቶ መዝግቦ ነበር፤ በ1994 ክልሉን አሰፋ፤ በ2013 ሁሉንም በአንድ ስም ጠቀለለ። በሩ በሰፋ ቁጥር የሚቆጠረው ሰው መብዛቱ አይቀርም። ብዙ ሰው ይህን ዘንግቶ «በሽታው ተዛመተ» ብሎ ደነገጠ።

በ1993 ቶሮንቶ ላይ የወላጆች ጉባኤ ነበር። ጂም ሲንክሌር፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት፣ ተነሥቶ ወላጆቹን አናገረ። የምታለቅሱት ለጠበቃችሁትና ላልተወለደው ልጅ ነው፤ የተወለደው ግን እዚህ አለ፤ ለእኛ አታልቅሱ አላቸው። እስከዚያ ቀን ስለነሱ አባት ሲጽፍ፣ እናት ስትናገር፣ ሐኪም ሲፈርድ ነበር። ከዚህ በኋላ የራሳቸው ድምፅ ተሰማ፤ የአእምሮን ልዩ ልዩነት እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መልክ ልዩነት እንየው የሚለው ክርክርም በዚህ ዘመን ቅርጽ ያዘ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። መናገር የማይችል፣ ራሱን የሚመታ ልጅ ያላት እናት «መልክ ነው» ሲሏት ይከብዳታል፤ ልትሰማም ይገባል።

በ1998 እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሩ ዌክፊልድ የ12 ልጆችን ጉዳይ ይዞ የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር አያያዘ። በ2002 ዴንማርክ ውስጥ ከ537,000 በላይ ልጆች ተመዝነው ግንኙነት የለም ተባለ። በ2010 ላንሴት የተባለው መጽሔት ጽሑፉን ሰረዘ፣ ዌክፊልድም ከሐኪምነት መዝገብ ተፋቀ። ልብ በሉ፣ ጥፋቱ እንደገና ዞሮ እናት ላይ ነው የወደቀው፤ «ያስከተብኩት እኔ ነኝ» የምትል እናት በየአገሩ ተገኘች።

በ2002 አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ተነሡ። በአሜሪካ ኖረው የተመለሱ፣ ኒያና የተባለ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው። ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም ነበረበት፤ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ መለሱት። እሳቸውም ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። «ኦቲዝም» የሚለው ቃል በአማርኛ ገና አፍ ያልፈታበት ጊዜ ነበር። የነበሩት ቃላት ሌሎች ናቸው፦ ልክፍት፣ እርግማን፣ የእናት ኃጢአት። ልጁ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል፣ አንዳንድ ቤት ይታሰራል። ወይዘሮ ዘሚ ልጃቸውን ይዘው ቴሌቪዥን ላይ ወጡ። ጓዳ ለለመደ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ፊደላችንን መነሻ አድርገው አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። ማዕከሉ ከሚቀበለው የሚጠብቀው ልጅ እየበዛ ሄደ፤ ቆይቶም በወላጆች የተመሠረተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተጨመረ።

በ2007 በቀጠር አቅራቢነት የተባበሩት መንግሥታት ኤፕሪል 2ን የኦቲዝም ቀን አድርጎ ወሰነ። ቀን ማክበር ቀላል ነው። በ2016 የታተመ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ክሊኒክ የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር፤ ልጆቻቸው ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ናቸው። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከመቶ ከ26 የሚበልጡት ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ከመቶ 40ዎቹ መንፈስ ሰፍሮበት ነው፣ ከመቶ 27 የሚሆኑት ኃጢአት ነው አሉ። እነዚህ ቀድሞውኑ ሐኪም ፍለጋ የወጡት መሆናቸውን አትርሱ። አንዱ ወላጅ ጠበልም፣ ሐኪምም፣ የወሊድ ችግርም ብሎ በአንድ ጊዜ ያስባል፤ ይህ ድንቁርና አይደለም፣ የሚያድነው የትኛው እንደሆነ ማንም ስላልነገረው ነው። ምን ይጎድላችኋል ሲባሉ ግን የብዙዎቹ መልስ አንድ ነበር፤ ከመቶ 74ቱ የፈለጉት ትምህርት ቤት ነው። በነዚህ ዓመታት የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስለ ልጆች እድገት ማሠልጠን ተጀምሯል፤ ቤት ለቤት የምትዞረዋ ሠራተኛ የጓዳውን በር ለማንኳኳት ከሐኪሙ ትቀርባለችና።

በ2018 ኸርቪግ ቼክ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ የቪየናን መዛግብት አገላብጦ የአስፐርገርን ሌላ ገጽ አወጣ። ሐኪሙ ሕፃናትን ወደ አም ሽፒግልግሩንድ ልኳል፤ ናዚዎቹ 789 ልጆችን የገደሉበት ተቋም ነው። ለአንዳንዱ ልጅ «ጎበዝ ነው፣ ይጠቅማል» ብሎ የጻፈው እጅ ለሌላው «ለእናቱ ሸክም ነው» ብሎ ጽፏል። በስሙ ይጠሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ያን ስም ጣሉት።

ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ኮቪድ ይዟቸው ዐረፉ። ማዕከሉ አለ።

የ33 ገጹ ልጅስ? ዶናልድ ከገበሬዎቹ ቤት ተመልሶ ፎረስት ሁለተኛ ደረጃ ተማረ። ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ጡብ ባንድ እይታ ቆጥሮታል እያሉ ያወሩለት ነበር። ካረጀ በኋላ ሲጠየቅ ዝም ብሎ የመጣለትን ቁጥር እንደነገራቸው፣ ልጆቹ ስለሱ መልካም እንዲያስቡ ፈልጎ እንደሆነ አመነ። ሰው አይፈልግም የተባለው ልጅ ነው ይህን ያለው። በ1958 ከሚልሳፕስ ኮሌጅ በፈረንሳይኛ ተመረቀ፤ በቤተሰቡ ባንክ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ። ጎልፍ ይጫወት፣ መኪና ይነዳ፣ ብቻውን አገር ላገር ይዞር ነበር። በኋላ ጋዜጠኞች ታሪኩን ፍለጋ ፎረስት ሲመጡ የከተማው ሰዎች፣ አንዱ ካንዱ ሳይመካከር፣ ዶንን የሚጎዳ ነገር ብትሠሩ የት እንደምናገኛችሁ እናውቃለን ብለው አስጠነቀቋቸው።

በ2023 ሰኔ፣ በ89 ዓመቱ፣ እዚያው ፎረስት ሞተ። ለሚተዋወቃቸው ሰዎች ቁጥር የመስጠት ልማድ ነበረው፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ቢያገኛቸው ቁጥሩን አይስትም።